በኮምፒውተር ለሚመራ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ የሞተርና የማስተላለፊያ አካላት አመራረጥ

በብረታ ብረት ሥራ የተሰማሩ አነስተኛና መካከለኛ አምራቾች በእጅ ሲሠሩት የቆዩትን የላሜራ ቆረጣ በኮምፒውተር ወደሚመራ፣ በተለምዶ ሲኤንሲ ወደሚባለው የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ ለማሸጋገር ሲወስኑ ሁለት አማራጮች ይቀርቡላቸዋል። አንደኛው ሙሉ ማሽኑን መግዛት ሲሆን ሁለተኛው የጠረጴዛውን አካል በራስ ወርክሾፕ በይዶ መሥራትና ሞተሩን፣ ድራይቨሩን፣ ጥርሳም ሐዲዱንና መቆጣጠሪያውን ብቻ ከአቅራቢ ማግኘት ነው። በሁለቱም መንገድ ውጤቱን የሚወስነው ሞተሩና እንቅስቃሴውን የሚያስተላልፉት አካላት ከጠረጴዛው ጋር መጣጣማቸው ነው። እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ በመሆናቸው በስሕተት የተመረጠን መልሶ መለወጥ አዳጋች ነው፤ በብድር ለተገዛ ማሽን ደግሞ ጠረጴዛው ቢሠራም ባይሠራም የክፍያው ቀን አይቀርም። ይህ ጽሑፍ አምራቾች ፕሮፎርማ ከመሰብሰባቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ስሌትና ጥንቃቄ ያብራራል።

የጭነቱ ባሕርይ

በዘርፉ ዘወትር የሚታየው ስሕተት “ትልቁ ሞተር ይሻላል” የሚለው አስተሳሰብ ነው። አስተሳሰቡ ለፍሬዛ ማሽን ከሆነ መሠረት አለው፤ የፍሬዛው ስለት ብረቱን እየገፋና እየፋቀ ስለሚያልፍ ሞተሩ ያንን ግፊት መቋቋም አለበት። የፕላዝማ ቶርች ግን ብረቱን አይነካም። ከላሜራው በላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ብረቱን የሚያቀልጠው ቅስቱ፣ የሚያስወግደው ደግሞ የአየሩ ግፊት ነው። ስለዚህ የሞተሩ ሥራ ቶርቹን የተሸከመውን ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ ማለትም ጋንትሪውን፣ ማስነሣት፣ ማፍጠን፣ ማቆምና አቅጣጫ ማስቀየር ነው። የሚታገለውም ከራሱ ከጋንትሪው ክብደትና ከሰበቃ ጋር ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ሥራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ባለ 45 አምፕ የአየር ፕላዝማ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ለስላሳ ብረት በደቂቃ 2 ሜትር ገደማ፣ 3 ሚሊ ሜትሩን ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ 1 ሚሊ ሜትሩን ደግሞ 8 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ይቆርጣል። ትክክለኛው አኃዝ ከፕላዝማው ጋር በሚመጣው የቆረጣ ሰንጠረዥ ላይ ይገኛል። ጠረጴዛው ይህን ፍጥነት በቀጥታ መስመር ላይ ብቻ ሳይሆን በማዕዘንና በትንንሽ ቀዳዳዎች ዙሪያም በተቻለ መጠን መጠበቅ ይኖርበታል። ቶርቹ ማዕዘን ላይ ሲዘገይ ቅስቱ በአንድ ቦታ ይቆያል፤ የቁርጡ ስፋት ይጨምራል፤ ከሥሩም የቀለጠ ብረት ይንጠለጠላል። ለበር ጌጥ የተቆረጠ ቅጠል ጫፉ ተበልቶ የሚወጣው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ ያህል 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በደቂቃ በ5 ሜትር የሚቆረጥ ከሆነ፣ ጋንትሪው በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ2.5 ሜትር በሰከንድ መጨመር ቢችል ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ፍጥንጥነቱ የዚህ አንድ አሥረኛ ቢሆን ግን 14 ሚሊ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል። ከዚህ ርቀት ያነሱ ጎኖች ያሉት ጌጥ እየተቆረጠ ከሆነ ቶርቹ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ትክክለኛው ፍጥነት ሳይደርስ ሥራው ያልቃል። ለፕላዝማ ጠረጴዛ ከከፍተኛ ፍጥነት ይልቅ ፍጥንጥነት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ በስሌት

1.25 በ2.5 ሜትር የሆነ ላሜራ የሚይዝ ጠረጴዛ እንውሰድ። ጋንትሪው ከነቶርቹና ከነቁመት ማስተካከያው 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በሁለቱ ጎኖች በሁለት ሞተሮች ይነዳል። የተፈለገው ፍጥንጥነት ከላይ የተጠቀሰው 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 30 በ2.5 ሲባዛ 75 ኒውተን ይሆናል፤ ለሰበቃና ለኬብል መጎተቻ 25 ኒውተን ሲጨመርበት ጠቅላላው 100 ኒውተን፣ የእያንዳንዱ ሞተር ድርሻ ደግሞ 50 ኒውተን ነው።

ማስተላለፊያው ጥርሳም ሐዲድ፣ ማለትም ራክ፣ እና በላዩ የሚሽከረከር ትንሽ ጊር፣ ማለትም ፒኒየን፣ ነው። ሞጁል 1 የሆነና 20 ጥርስ ያለው ፒኒየን 20 ሚሊ ሜትር የጥርስ ዲያሜትር ስለሚኖረው በአንድ ዙር 62.8 ሚሊ ሜትር ያስኬዳል። በፒኒየኑ ላይ የሚያስፈልገው የማሽከርከር ጉልበት 50 ኒውተን በ0.01 ሜትር ሲባዛ 0.5 ኒውተን ሜትር ነው። በሞተሩና በፒኒየኑ መካከል 3 ለ1 የሚቀንስ ቺንጋ ቢገባ የሞተሩ ድርሻ፣ የማስተላለፊያው ብክነት ተጨምሮ፣ 0.19 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። የሞተሩን የራሱን ውስጣዊ ክፍል ለማፍጠን ጥቂት ሲታከልበት 0.22 ይደርሳል። ለአቧራ፣ ለእርጅናና ለሐዲድ ጉድለት መጠባበቂያ እንዲሆን በእጥፍ ቢያዝ 0.45 ኒውተን ሜትር ማለት ነው።

አኃዙ ትንሽ መምሰሉ ብዙዎችን ያስገርማል። ገበያ ላይ የሚገኘው 57 ሚሊ ሜትር የፊት ገጽ ያለው፣ በተለምዶ ኔማ 23 የሚባለው ስቴፐር ሞተር በመለያው ላይ 2 ወይም 3 ኒውተን ሜትር ተጽፎበት ይገኛል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚይዝበት ጉልበት ነው። ስቴፐር ሞተር ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ ከግማሽ በታች፣ አንዳንዱም ከሩብ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ “ይህ ሞተር በምፈልገው ፍጥነት ላይ ስንት ይቀረዋል?” የሚል ነው። በዚህ ምሳሌ ጋንትሪው ሳይቆርጥ በሚጓዝበት ጊዜ በደቂቃ 20 ሜትር እንዲሄድ ከተፈለገ ፒኒየኑ 318 ዙር፣ ሞተሩ ደግሞ 955 ዙር በደቂቃ ይሽከረከራል። 0.45 ኒውተን ሜትሩ መገኘት ያለበት በዚህ 955 ዙር ላይ ነው።

86 ሚሊ ሜትር የሆነው ኔማ 34 ሞተር በመለያው ላይ 8 ወይም 12 ኒውተን ሜትር ስለሚያሳይ ይማርካል። ሆኖም ትልልቆቹ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ኢንዳክታንስ ስላላቸው በቂ ቮልቴጅ ካላገኙ ጉልበታቸው በዝቅተኛ ዙር ላይ ይሟጠጣል፤ የውስጥ ክፍላቸውም ከባድ በመሆኑ ጉልበታቸውን ራሳቸውን ለማፍጠን ያውሉታል። በከባዱ ሞተር ተተክቶ ከቀድሞው የዘገየ ጠረጴዛ ማየት ያልተለመደ ነገር አይደለም።

ቅናሽ ለምን ያስፈልጋል?

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ፒኒየኑን በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ማሰር የተለመደ ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ ዙር በ200 እርምጃ የሚከፈልበት ስቴፐር ሞተር በአንድ ሙሉ እርምጃ 62.8 ሲካፈል ለ200፣ ማለትም 0.31 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ድራይቨሩ እርምጃውን በማይክሮስቴፕ ቢከፋፍለውም የከፋፈለው በዋነኝነት እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል እንጂ በጭነት ሥር ያን ያህል ትክክለኛ ቦታ ይዞ ለመቆየት ዋስትና አይሆንም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሽከረከር የሚፈጥረው ንዝረትም በቁርጡ ጠርዝ ላይ እንደ ማዕበል የሆነ መስመር ይተዋል። 3 ለ1 ቅናሽ ሲገባ እርምጃው ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ሞተሩም ንዝረት ከሚበዛበት ዝቅተኛ ዙር ወጥቶ ይሠራል።

ከዚህ የማይተናነሰው ሁለተኛው ጥቅም የጭነቱ ኢነርሺያ ነው። ሞተሩ የሚሰማው የጋንትሪው ኢነርሺያ በቅናሹ መጠን ካሬ ይቀንሳል። በምሳሌው እያንዳንዱ ሞተር 15 ኪሎ ግራም ይነዳል፤ ያለ ቅናሽ ይህ ለሞተሩ 15,000 ግራም ሴንቲ ሜትር ካሬ ሆኖ ይታያል። የኔማ 23 ሞተር የውስጥ ክፍል 400 ገደማ ብቻ በመሆኑ ጭነቱ ከ35 እጥፍ በላይ ይሆንበታል። በ3 ለ1 ቅናሽ ጭነቱ ወደ 1,670 ሲወርድ ንጽጽሩ 4 ለ1 አካባቢ ነው። በልምድ ከ10 ለ1 በታች መሆኑ ይመከራል።

ቅናሹ በጥርስ ቺንጋ ወይም በፕላኔተሪ ጊር ሳጥን ሊገኝ ይችላል። ቺንጋው ርካሽ ነው፤ ልቅነት የለውም ለማለትም ያስደፍራል፤ ከአቧራ ግን መሸፈን አለበት። የጊር ሳጥን ሲገዛ ልቅነቱ በአርክ ደቂቃ ተገልጾ መቅረብ ይኖርበታል። 15 አርክ ደቂቃ በተጠቀሰው ፒኒየን ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ለፕላዝማ ሥራ አያሳስብም።

ቅናሽ የራሱ ዋጋ እንዳለውም መታወቅ አለበት። ሞተሩ በሰከንድ 16 ያህል ዙር ሲሽከረከርና በዙር 2,000 ማይክሮስቴፕ ሲቀበል መቆጣጠሪያው በሰከንድ 32,000 ምት መላክ አለበት። በድሮ ኮምፒውተር ፓራለል ፖርት በ25,000 ምት የሚሠራ ሥርዓት ይህን ማድረስ አይችልም፤ በአነስተኛ የአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ የሚሠሩትም በ30,000 አካባቢ ይገደባሉ። መፍትሔው የማይክሮስቴፑን ቁጥር መቀነስ ወይም ምቱን በራሱ የሚያመነጭ የተለየ የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ መግዛት ነው።

የኃይል አቅርቦትና ድራይቨር

ስቴፐር ሞተር በከፍተኛ ዙር ጉልበቱን የሚጠብቀው በቮልቴጅ ነው። ተስማሚውን ቮልቴጅ ለመገመት የሞተሩን ኢንዳክታንስ በሚሊ ሄንሪ ወስዶ ካሬ ሥሩን በ32 ማባዛት የተለመደ ዘዴ ነው። 2 ሚሊ ሄንሪ ላለው ሞተር 45 ቮልት ይሆናል፤ 6 ሚሊ ሄንሪ ላለው ግን 78 ቮልት ስለሚደርስ እስከ 50 ቮልት ብቻ የሚችሉት የተለመዱ ድራይቨሮች አይመጥኑትም። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ጉልበት ከሚቀርቡ ሁለት ሞተሮች ዝቅተኛ ኢንዳክታንስ ያለው ይመረጣል።

ድራይቨሩ እስከ 50 ቮልት ይችላል ተብሎ 50 ቮልት አይሰጠውም። ጋንትሪው በድንገት ሲቆም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይመልሳል። በዚህ ላይ የመስመሩ መዋዠቅ ይጨመርበታል፦ 32 ቮልት ከሚሰጥ ትራንስፎርመር የተሠራ ያልተረጋጋ የኃይል ምንጭ በ220 ቮልት ላይ 45 ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት ይሰጣል፤ መስመሩ በ10 በመቶ ከፍ ሲል ግን 49.5 ይደርሳል። ሌሊት የጎረቤት ወርክሾፖች ሲዘጉ ቮልቴጁ ከፍ በሚልበት አካባቢ ለሚሠራ አምራች ይህ ልዩነት የድራይቨር መቃጠልና አለመቃጠል ጉዳይ ነው። የተረጋጋ የኃይል ምንጭ ወስዶ ከ40 እስከ 44 ቮልት ላይ ማስተካከል ይመረጣል።

የድራይቨሩን የፍሰት መጠን ሲያስተካክሉ መለያው የሚናገረው ስለ ጫፍ ፍሰት ይሁን ስለ አማካይ ውጤታማ ፍሰት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል 1.41 እጥፍ ልዩነት አለ።

ሁለት ሞተሮች በአንድ ጋንትሪ

ተራ ስቴፐር ሞተር የታዘዘውን እርምጃ መፈጸሙን ለመቆጣጠሪያው አያሳውቅም። በአንድ በኩል የተንጠለጠለ ስላግ ጋንትሪውን ቢይዘውና ሞተሩ ጥቂት እርምጃ ቢስት፣ ሌላኛው ጎን ይቀጥላል፤ ጋንትሪው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ዘንበል ያለ ይሆናል። ስሕተቱ የሚታወቀው ቁርጥራጮቹ ለብየዳ ሲገጣጠሙ ነው፤ በዚያን ጊዜ ላሜራው አልቋል።

ኢንኮደር የተገጠመለት ስቴፐር ሞተር ይህን ችግር ይቀርፋል፤ ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ድራይቨሩ ቦታውን ሲስት የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ምልክት ከመቆጣጠሪያው ማቆሚያ ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት። ምልክቱ ሳይያያዝ ከቀረ አንዱ ድራይቨር ራሱን ሲያቆም ሌላው ጋንትሪውን መጎተቱን ስለሚቀጥል ጉዳቱ ከተራው ሞተር የባሰ ይሆናል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ጎን የራሱ የመነሻ ስዊች ቢኖረው ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ጋንትሪው በራሱ ወደ ቀጥታ ማዕዘን ይመለሳል።

ሰርቮ ሞተር ከዚህ የላቀ አማራጭ ነው። ይሁንና 400 ዋት የሆነ ሰርቮ 1.27 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው እስከ 3,000 ዙር ድረስ በመሆኑ በ3 ለ1 ቅናሽ ቢታሰር በምሳሌው ጠረጴዛ ላይ 955 ዙር ብቻ ይዞራል፤ ከተከፈለበት ኃይል ሁለት ሦስተኛው ሥራ ላይ አይውልም ማለት ነው። ሰርቮ የሚገዛ አምራች 5 ለ1 እስከ 9 ለ1 የሆነ የጊር ሳጥንም በበጀቱ ማካተት አለበት። በቀን ጥቂት ላሜራ ለሚቆርጥ ወርክሾፕ ኢንኮደር ያለው ስቴፐር ብቁ ነው፤ ቀንና ሌሊት በፈረቃ ለሚሠራ ግን ሰርቮው ዋጋውን ይመልሳል።

ራክ፣ ቦል ስክሩ ወይስ ቺንጋ?

ከፍሬዛ ማሽን ልምድ የመጡ ባለሙያዎች ለትክክለኛነቱ ሲሉ ቦል ስክሩን ይመርጣሉ። ለረጅም ጠረጴዛ ግን አይሆንም። 3 ሜትር ርዝመትና 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስክሩ በደቂቃ ከ300 ዙር ብዙ ሳያልፍ እንደ ገመድ መወዛወዝ ይጀምራል፤ በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ ፍጥነቱ በደቂቃ 1.5 ሜትር ላይ ይቆማል ማለት ነው። ይህ 6 ሚሊ ሜትር ብረት እንኳ በአግባቡ ለመቁረጥ አይበቃም። ረጅም ቺንጋ በበኩሉ ስለሚለጠጥ ለትንንሽ ጠረጴዛዎች ብቻ ይስማማል።

ራኩ ጥርሱ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ዞሮ ቢታሰር የብረት ብናኝ አይጠራቀምበትም። ፒኒየኑ በስፕሪንግ ተገፍቶ ራኩን እንዲነክስ ማድረግ ልቅነትን ያጠፋል፤ ሁለቱን በጥንካሬ አስሮ ማስቀመጥ ግን ራኩ ትንሽ ጠመም ባለበት ቦታ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ፒኒየን ቶሎ የሚያልቅ አካል ቢሆንም የማካፈያ መሣሪያ ያለው ፍሬዛ ባላቸው የአገር ውስጥ ወርክሾፖች ሊሠራ ይችላል፤ ሞጁሉ ከራኩ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

የቶርቹ የቁመት እንቅስቃሴ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ላሜራ ሲሞቅ ይጎብጣል፤ ቶርቹ የቅስቱን ቮልቴጅ እየለካ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። ለዚህ አጭር፣ በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ስክሩና አነስተኛ የኔማ 23 ሞተር በቂ ነው። በብዙ ባለ 45 አምፕ ቶርቾች ብረቱን መብሳት የሚጀመረው ከ3.8 ሚሊ ሜትር ከፍታ ስለሆነ ከፍታው በየብስቱ ልክ መሆን አለበት፤ ቶርቹ ላሜራውን ነክቶ ከፍታውን የሚለካበት ስዊች የሌለው ጠረጴዛ ኖዝል ይበላል።

የፕላዝማው ረብሻ

ትክክለኛ ሞተርና ድራይቨር ተገዝቶም ማሽኑ ያለ ምክንያት የሚቆምበት ወይም ቦታ የሚስትበት ጊዜ አለ። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ፕላዝማው የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ቅስታቸውን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ብልጭታ የሚያስነሡ ርካሽ ፕላዝማዎች በዚህ ረገድ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው፤ ለእጅ ሥራ የሚያገለግለው ያው ፕላዝማ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ሰሌዳ እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል። ለጠረጴዛ የሚመረጠው የቶርቹ ውስጣዊ ክፍል በአየር ግፊት ወደ ኋላ ሲሸሽ ቅስት የሚነሣበት ዓይነት ነው። የሞተርና የስዊች ኬብሎች ሽፋን ያላቸው፣ ሽፋኑም በአንድ ጫፍ ብቻ ከግራውንድ ጋር የታሰረ፣ ከቶርቹ ኬብል ራቅ ብለው የተዘረጉ ይሁኑ። የፕላዝማው መያዣ በጠረጴዛው እግር ላይ ሳይሆን በሚቆረጠው ላሜራ ላይ በቀጥታ ይታሰር። የስዊቾቹ መስመር ከ5 ቮልት ይልቅ በ24 ቮልት ቢሠራ ረብሻውን ይቋቋማል። ጠረጴዛው ደግሞ የራሱ የመሬት ዘንግ ሊኖረው ይገባል።

በፕሮፎርማውና በርክክቡ ላይ

ፕሮፎርማ ላይ “ኃይለኛ ሞተር፣ 3 ኒውተን ሜትር” ተብሎ የቀረበ መግለጫ ለመወዳደሪያ አይበቃም። አቅራቢው የሞተሩን የጉልበትና የፍጥነት ግራፍ ከነተሞከረበት ቮልቴጅ፣ ኢንዳክታንሱን፣ የቅናሹን መጠን፣ የራኩንና የፒኒየኑን ሞጁል፣ የጋንትሪውን ክብደትና በጭነት የተረጋገጠውን ፍጥንጥነት በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ግራፉን ማቅረብ ያልቻለ አቅራቢ የሚሸጠውን አያውቀውም፤ ወይም ገዢው እንዲያውቀው አይፈልግም። መለዋወጫ ፒኒየን፣ ቺንጋና ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ድራይቨር በዚያው ግዢ ቢካተቱ ኋላ ለአንድ ትንሽ ዕቃ ሲባል የሚጠፋው ወር ይቀራል።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ፈተናዎች በአምራቹ ፊት ይደረጉ። አንደኛ፣ ቶርቹ ሳይበራ ጋንትሪው በከፍተኛ ፍጥነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ጊዜ እንዲመላለስ ተደርጎ ወደ ተነሣበት ምልክት መመለሱ ይታይ። ሁለተኛ፣ 1,000 በ1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ በላሜራ ላይ ተቆርጦ ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች በሜትር ይለኩ፤ እያንዳንዳቸው 1,414 ሚሊ ሜትር መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ቢበልጥ ጋንትሪው ቀጥ ብሎ አልታሰረም፤ ርክክቡም ጉድለቱ እስኪስተካከል ሊቆይ ይገባል።